ስልሳ አንደኛው ካርድ

ታኅሣሥ 9

እቴቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጅሽስ? ስድስት ሳምንት ዝም ያለ ሰው «እኔ ደህና ነኝ» ሲል ያሳፍራል፤ ግን ደህና ነኝ።

ለጠየቅሽኝ መልሴ፦ አልተውኩም። ልክ ለመናገር፣ ተውኩ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ሁለቱን ሣጥኖች ስሠራ የነበረኝ ጉጉት የውሸት አልነበረም። ሁለት ሺህ ካርድ ቆርጬ ግማሹን ስልክልሽ እጄ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ጥፋቴ ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሃምሳ የጃፓን ፊደል ያዝኩ። በሁለተኛው ስልሳ። እንዲህ ከሆነ ሺሁን በአምስት ወር እጨርሰዋለሁ፣ ፈተናው እስኪደርስ ምን ልሠራ ነው ብዬ ሁሉ ተጨነቅኩ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሣጥኑን ስከፍት፣ በዕለቱ መከለስ ያለበት መቶ ሰባ ካርድ ሆኗል። ግማሹን እንደ አዲስ አየሁት። ሁሉም የተሰባበረ መስኮት መሰለኝ። ክዳኑን ዘጋሁና «ነገ» አልኩ።

ነገ ስድስት ሳምንት ሆነ። አሁን ሣጥኑ ላይ አራት የፍርድ ቤት መዝገብ ጭኜበታለሁ።

ጎረቤቴ ቁልፍ ሠሪው ትናንት ብቅ ብሎ «ጃፓኑ፣ ምነው ጠፋህ?» አለኝ። የትም አልሄድኩም፤ መጽሐፍ እየጠረዝኩ እዚያው ቁጭ ብያለሁ።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ጃፓን ያለውን የወረቀት ጥገና ትምህርት ቤት ለሌላ ሰው ብተወው አይሻልም? አርባ አንድ ዓመቴ ነው እኮ። የላክሽውን የጥያቄ ወረቀት ሳልመልስ አስቀምጬዋለሁ። ያንቺን መልስ ግን አየሁት፤ አሥሩም ልክ ነው። እንዴት ነው የምታደርጊው?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 20

ለጀማሪው፣

ተናድጄ ስለነበር ደብዳቤውን ሦስት ቀን አቆየሁት። አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ።

አባባ ይህን ስም ያወጣልህ በስምንት ዓመትህ ነው። ጊታር ጀመርክ፤ ክሩ ለጥረዛ ዋለ። መንጃ ፈቃድ ጀመርክ፤ እስከ ዛሬ መኪና ወደ ኋላ መመለስ አትችልም። ያቺን አስተማሪ ልታገባ ጀመርክ፤ ጣቷን ለቀለበት ከለካህ በኋላ... እሱን ልተወው።

እኔ አብሬህ የማጠናው ጃፓንኛ አምሮኝ አይደለም። ሃምሳ ዓመቴ ነው፤ መዝገብ ቤት ውስጥ ከአቧራና ከፋይል ጋር የምውል ሴት ነኝ። የማጠናው ብቻህን ስትሆን እንደምትተው ስለማውቅ ነው። ያ ትምህርት ቤት ደግሞ ከጀመርካቸው ነገሮች ሁሉ ለእጅህ የተፈጠረ ነው። የረጠበ፣ የተቃጠለ፣ ምስጥ የበላው ወረቀት አንተ እጅ ገብቶ ሲድን አይቻለሁ። ሺህ ፊደል የማያነብ አንቀበልም ካሉ፣ ሺህ ነው የምታነበው። ስለዚህ እንዲህ እናደርጋለን።

ሣጥኑን ባዶ አድርገውና ከአንድ ጀምር። በሳምንት አሥር አዲስ ፊደል፤ ዘጠኝ ቢሆን አልቆጣም፣ አሥራ አንድ ቢሆን እቆጣለሁ። ሣጥኑ አምስት ክፍል አለው፤ ያወቅኸው ካርድ አንድ ክፍል ወደ ኋላ ይሂድ። የሳትከው የትም ይሁን የት ወደ ፊተኛው ክፍል ይመለስ፤ «አፌ ላይ ነበር» የሚባል ነገር የለም። ፊተኛውን ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በሁለት ቀን፣ ሦስተኛውን በሳምንት፣ አራተኛውን በሁለት ሳምንት፣ የኋለኛውን በወር ታየዋለህ። መቶ ሳምንት ይፈጃል። ለፈተናው መቶ አራት ሳምንት ቀርቶታል። አራቱ ለስንፍናህ ይሁኑ።

አባባ መጽሐፍ መጭመቂያ ውስጥ አድርጎ ሲወጣ፣ ደረቀ አልደረቀ ብለህ እየፈታህ ታይ ነበር። ጀርባቸው የተጣመመ መጻሕፍት ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አሉ። እንዳትሮጥ።

አሥር ጥያቄ አያይዣለሁ። መጽሐፉን ሳታይ ጽፈህ ላክ፤ የእኔንም አርም።

እህትህ

የቁልፍ ሠሪው ሚስት ወለደች?


መጋቢት 6

እቴቴ፣

ሰላም ነሽ? የቁልፍ ሠሪው ሚስት ሴት ልጅ ተገላግላለች። አባትየው ሲያዛጋ ይውላል።

መቼ ነው የምታጠናው ላልሽኝ፦ ጠዋት። ሙጫውን ምድጃ ላይ ስጥደው እስኪሟሟ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በዚያች ሃያ ደቂቃ ካርዶቹን አያለሁ። ሙጫው ሲፈላ አቆማለሁ፤ ባልጨርስም አቆማለሁ። አንድ ቀን «ይህችን ብቻ» ብዬ ጣሳውን አሳርሬዋለሁ። መንገደኛ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ አለፈ።

እስካሁን ካየኋቸው የወደድኩት ስልሳ አንደኛውን ነው፤ «ወረቀት» የሚለውን። በግራ ጎኑ ክር የሚለው ምልክት ቆሟል። ወረቀትን ያለ ክር እንደማይጽፉት ለአንድ ጠራዥ ማን ነገረው? ሮጬ ለቁልፍ ሠሪው አሳየሁት።

«ቁልፍስ?» አለኝ።

«ገና አልደረስኩም።»

«ስትደርስ ንገረኝ፣ በሬ ላይ እጽፈዋለሁ። ደንበኛ ባያነበውም ሌባ ይፈራዋል።»

መቶ ላይ ነኝ። አንቺ መቶ ሦስት። ሰው እንዴት በየሳምንቱ ልክ በሦስት ይቀድማል? በዚህ ሳምንት ግን ሁለት ስተሻል፤ እኔ አንድ። እርማቱን አያይዣለሁ፤ በቀይ ነው የጻፍኩት፣ እንዳታዝኚ።

እሑድ ጥረዛ ቤቱ ዝግ ስለሆነ ሣጥኑን ተሸክሜ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ያለ ሙጫው ሃያ ደቂቃዋ አታልቅም። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ድምፅ ስለሌለ ፊደሎቹን ጮክ ብዬ አነባቸዋለሁ። ከላይ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ደረጃ ላይ አግኝታኝ «ትናንት እንግዳ ነበረህ እንዴ?» አለችኝ። ነበረኝ አልኳት።

ወንድምሽ


ሰኔ 2

ለጀማሪው፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ጽሕፈትሽ ተለወጠ ላልከው፣ እስክሪብቶው ነው። ዓይኔ ደህና ነው፤ ጥርሴም ደህና ነው፤ ስለ ሌላው እንዳትጠይቀኝ።

አዲሱ አለቃችን መደርደሪያዎቹን ሁሉ ከመስኮቱ ሥር አንስቶ ወደ ውስጥ ወሰዳቸው። ሃያ ስምንት ዓመት በቀኝ እጄ ስዘረጋ የማገኘውን አሁን ዞሬ ነው የምፈልገው።

አንድ የሚያስቅህ ነገር ልንገርህ። መርሳት የሚለውን ፊደል ሦስት ጊዜ ረሳሁት። ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በግንቦት ስላሸነፍከኝ አትኩራራ። አራት የሳትኩት ጉንፋን ይዞኝ ነው። አዲሱ አለቃችን መደርደሪያዎቹን ከመስኮቱ ሥር ማንሳቱን ነገርኩህ? አሥር ጥያቄ አያይዣለሁ። የቁልፍ ሠሪው ሚስት ምን ወለደች?

እህትህ


ነሐሴ 14

እቴቴ፣

ሴት። በመጋቢት ነግሬሽ ነበር፣ በሐምሌም። ልጅቷ አሁን ቁጭ ማለት ችላለች።

ስላመናጨቅኩሽ ይቅርታ፤ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ሁለት መቶ ዘጠና ላይ ቆሜያለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እነዚያው ሃያ ካርዶች ከፊተኛው ክፍል አይወጡም። አንዱ እንደምንም አራተኛው ክፍል ደርሶ ትናንት ሳትኩትና ወደ ፊት መለስኩት። ካርድ ነው፤ ሰው ቢሆን እቀየመው ነበር። ጠዋት ሙጫውን ስጥድ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሐሳብ የሣጥኑ ክዳን ነው፤ መክፈት ያስጠላኛል።

ለምን ትቀጥላለህ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ትልቅ መልስ የለኝም። ሰኞ ሰኞ ያንቺ ፖስታ ይመጣል። ባዶ ወረቀት ለመመለስ አፈርኩ፣ ይኸው ነው። አንቺ ባትኖሪ ዛሬውኑ እዘጋው ነበር። በግንቦት ያሸነፍኩሽ ሰሞን ለቁልፍ ሠሪውና ለሚስቱ ሻይ ጋብዣለሁ፤ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «እህቴ አራት ሳተች» አልኳቸው። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አለች ሴትዮዋ።

ሦስት መቶ ላይ እንዴት እንዳለፍሽ ጻፊልኝ። አንቺም ሰው ነሽ አይደል?

ወንድምሽ


መስከረም 1

ለጀማሪው፣

ቆሜያለሁ አልክ እንጂ ተውኩ አላልክም። ይህን በደስታ አነበብኩት።

ሲከፋህ አዲስ ካርድ አታውጣ። አንድ ሳምንት፣ ካስፈለገም ሁለት፣ ያሉህን ብቻ ከልስ። የማይያዙት ሃያዎቹ ላይ እልህ አትጋባ፤ ፖስታ ውስጥ አሽገህ ለአንድ ወር መሳቢያ ውስጥ ጣላቸው። ሲወጡ አብረውህ ያደጉ ይመስልሃል። ደግሞ ሃያ ደቂቃዋን አታርዝማት። አምስት ደቂቃ ብቻ የቻልክበት ቀን አምስት ደቂቃ ነው፤ ቀኑ ግን ባዶ እንዳይሆን። እኔ የማደርገው ይህን ነው። በየጠዋቱ ሣጥኑን እከፍታለሁ። ምን እንደተያዘ አልቆጥርም፤ መክፈቴን ነው የምቆጥረው።

ስለ ቢሮው ጠይቀሃል። ልንገርህና ሳቅ። አለቃው ሁለት መቶ ፋይል እንደ አዲስ አስተካክዬ እንድደረድር ሰጠኝ። ደረደርኩ። በማግስቱ ሰዎች መጥተው የሚፈልጉትን ቢፈልጉ የለም። ለካ በካርዶቻችን ሕግ ነው የደረደርኩት፤ ያወቅኋቸውን ፋይሎች ወደ ኋላ፣ ያላወቅኋቸውን ወደ ፊት። በቁጥር የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ። መልሶ ለመደርደር ሦስት ሰው ሦስት ቀን ፈጀበት። አለቃው አልተቆጣም። ወንበር ሳበልኝና «እትዬ፣ ደክሞዎት ይሆናል» አለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እንዳትሮጥ።

እህትህ


በዓመቱ፣ ጥቅምት 5

እቴቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጡረታውን እየለመድሽው ነው? በራስሽ ፈቃድ ወጣሁ ካልሽ አምኜሻለሁ፤ «መዝገቧ» የሚሉሽ አንቺ ከሌለሽ ግን እነዚያ ሰዎች የራሳቸውንም ስም ፋይል አያገኙትም።

ዘጠኝ መቶ ሃያ። አንቺ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሦስት። ሃያዎቹ የመሳቢያ እስረኞች ሁሉም ኋለኛው ክፍል ገብተዋል። በሕይወቴ ይህን ያህል የቆየሁበት ነገር የለም፤ ስሜን ቀይሩልኝ ልል ነው።

አሁን ግን ጉድ ፈልቷል። ሐሙስ የሙጫውን ጣሳ ሳነሳ እጀታው ተነቅሎ ሣጥኑ ላይ ተደፋ። አራተኛውና አምስተኛው ክፍል አንድ ጡብ ሆነዋል። በቢላ ብሞክር ካርዶቹ ለሁለት ተሰነጠቁ። ስድስት መቶ ካርድ እንደገና ቆርጬ ልጽፍ ብል ያለኝ ጊዜ ያልቃል፤ ለፈተናው አሥር ሳምንት ነው የቀረው። ያንቺን ሣጥን ላኪልኝ። አንቺ ከመጽሐፉ መከለስ ትችያለሽ፤ ፈተናው የእኔ ነው፣ አንቺ ደግሞ ከእኔ ትሻያለሽ። ሲያልቅ ሣጥኑን አሳምሬ እመልስልሻለሁ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 14

ወንድሜ፣

ሣጥኑ ለመላክ አይመችም። ካርዶቹ ተበላሽተዋል፤ ሻይ ፈሶባቸዋል። አዲስ ቁረጥ። በቀን መቶ ብትቆርጥ በስድስት ቀን ያልቃል። ከመጽሐፉም ማጥናት ትችላለህ። ስለ ሣጥኑ ደግመህ እንዳትጽፍልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 28

ለእህቴ፣

ልጅሽ ሣጥኑን ልካልኛለች። እንዳትቆጫት፤ እኔ ነኝ የለመንኳት።

ሻይ አልፈሰሰበትም። ሃያ ዓመት መጽሐፍ ስጠግን ኖሬያለሁ፤ የትኛው ገጽ እንደተነበበና የትኛው ሳይገለጥ እንደቀረ ጥጉን አይቼ እነግርሻለሁ። ከስልሳ ሁለተኛው ካርድ ጀምሮ እስከ ሺሁ ድረስ አንድም ጣት አላረፈባቸውም። የመቁረጫ ማሽኔ የተወው ብናኝ እንኳ ጠርዛቸው ላይ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሦስት ስትቀድሚኝ የነበረው በየትኛው ካርድ ነው? በየሳምንቱ አሥር መልስ ስትልኪልኝ የነበረው ከየት አምጥተሽ ነው? እኔ በቀይ እያረምኩ!

አልገባኝም። የመጀመሪያዎቹ ስልሳዎች ደግሞ ድስት የፈገፈጉባቸው ይመስላሉ። ጥጋቸው ጨርቅ ሆኗል፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሯል፤ አሥራ አንዱን በፕላስተር ጠግነሻቸዋል። ካርድ እንዲህ ለመሆን ስንት ጊዜ መነካት እንዳለበት አላውቅም፤ መጽሐፍ እንዲህ ሆኖ አይቼ አላውቅም።

እያሾፍሽብኝ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ። ሰኞ ሰኞ የምጠብቀው ሌላ ፖስታ የለኝም።

ወንድምሽ


ኅዳር 8

ወንድሜ፣

ይህን የምጽፈው ጠዋት ነው፤ ጠዋት ደህና ነኝ። ሰላምታ እያበዛሁ አላቆይህም።

አላሾፍኩብህም። ከስልሳ አላለፍኩም።

መርሳቱ የጀመረው በፋይል ቁጥር ነው፤ ሣጥኑን ከመላክህ ጥቂት ወር በፊት። ሐኪሟ የበሽታውን ስም ነገረችኝ፤ አልጽፈውም። አእምሮዬ አዲስ ነገር መያዝ ያቆማል፣ የቆየውንም ቀስ እያለ ይለቃል፤ የነገረችኝ ይኸው ነው። በዚያው ሰሞን ያንተ ሣጥን መጣ። የማጠናው ላንተ ብዬ ነው ያልኩህ ግማሹ ውሸት ነው። ለራሴም ነበር። ሐኪሟ ተሳስታ እንደሆነ ልይ ብዬ።

እስከ ስልሳ ድረስ ሄድኩ። ስልሳ አንደኛው ያንተ ወረቀት ነው። ክሩን አየዋለሁ፤ ካርዱን ገልብጬ ልጽፈው ስል ቀኙ የለም። ወደ አንድ ተመለስኩ። አንዳንድ ጠዋት ስልሳውንም አገኛቸዋለሁ፣ አንዳንድ ጠዋት ሠላሳ። ከሰዓት በኋላ ሰው መጥቶ የወሰዳቸው ይመስል የሉም። በማግስቱ እንደገና። ሕጉ የራሳችን ነው፤ የሳትከው ወደ ፊት ይመለሳል። የእኔዎቹ ሁሉ ፊተኛው ክፍል ውስጥ ናቸው። በሌሎቹ ክፍሎች ያሉትን አልነካኋቸውም።

መልሶቹን ከመጽሐፉ እገለብጣቸው ነበር። በሦስት የምቀድምህ ደብዳቤህ ላይ ያለውን ቁጥር አይቼ ሦስት ስለምጨምር ነው። አንድ ሁለቱን ሆን ብዬ እስታለሁ። ሻይ በጋበዝክበት በዚያ ሳምንት አራት የሳትኩልህ ደብዳቤህ ውስጥ መሰልቸት ስላየሁ ነው። ልክ መገልበጥ ቀላል ነው፤ ሰው የሚስተውን ዓይነት ስሕተት መሥራት ግን ጠዋት ሙሉ ይፈጃል።

የምትነግረኝን ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። አሁን አንዱን እያየሁት ነው። «ሴት» ይላል። የማን እንደሆነች አልጻፍኩም።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። አትምጣ። ፈተናው ስድስት ሳምንት ነው የቀረው። ብትመጣ አጠገቤ ትቀመጣለህ፤ ከዚያ ትቀራለህ። ለመቅረት ደግሞ እስከ ዛሬ የእኔን ያህል ጥሩ ምክንያት አግኝተህ አታውቅም። አባባ ያወጣልህን ስም እኔ አላጸናብህም። ከስልሳ አንድ በላይ ያሉት ካርዶች አዲስ ናቸው፣ ተጠቀምባቸው። ስልሳዎቹን ግን መልስልኝ። ጠዋት ጠዋት እጄ ይፈልጋቸዋል።

ጡረታውም በፈቃዴ አልነበረም።

እህትህ


ጥር 20

እቴቴ፣

አለፍኩ። ውጤቱ ዛሬ ደረሰኝ፤ መጀመሪያ የጻፍኩት ላንቺ ነው።

ፈተናውን ጨርሼ የወጣሁ ዕለት የምነግረው ሰው አጥቼ ነበር። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አንዲት ሴትዮ ሰዓት ጠየቀችኝ። «ያለፍኩ ይመስለኛል» አልኳት። «ደስ ይላል፤ ሰዓቱስ?» አለችኝ። ከዚያ ወዳንቺ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝኩ። አትምጣ ያልሽኝን እስከ ፈተናው ድረስ ብቻ ነው የጠበቅኩልሽ።

አንቺ ዘንድ ስለቆየሁባቸው ሁለት ቀናት የጠየቅሽው ልጅሽን ነው፤ ደብዳቤው ላይ ጽፋልኛለች። አዎ፣ የመጣሁት እኔ ነበርኩ። በሁለተኛው ቀን አባባ ብለሽ ጠራሽኝ፤ አላረምኩሽም። «ደረቀ?» አልሽኝ። «ገና ነው» አልኩሽ።

መቅረት እፈልጋለሁ ስልሽ የሰጠሽኝን መልስ ልጅሽ ሰምታለች፤ ስለዚህ ብትረሺው እሷ ምስክር ናት። ካርዱን ከእጄ ነጥቀሽ «አንተ የማታፍር» ነበር ያልሽኝ።

ስልሳዎቹን እንደገና ቆርጬ ሠርቻቸዋለሁ። ለመጽሐፍ ሽፋን የሚሆነው ወፍራም ካርቶን ነው፤ ጥጋቸውን አክብቤዋለሁ፣ ቶሎ አይበሉም። አሮጌዎቹን ለእኔ አስቀርቻለሁ።

በመጋቢት ወደ ጃፓን እሄዳለሁ። የጥረዛ ቤቱን ቁልፍ ለቁልፍ ሠሪው ሰጠሁት። ቁልፍ የሚሠራ ሰው አደራ ቁልፍ ሲሰጡት ግራ ይገባዋል፤ ሁለት ጊዜ «ምኑን ላበጅልህ?» አለኝ።

ወንድምሽ


ግንቦት 11

እቴቴ፣

እንደምን አለሽ? የደረስኩ ዕለት የጻፍኩልሽን ልጅሽ አንብባልሻለች። ክፍልህ ምን ይመስላል ላልሽው፦ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የጎረቤት ግድግዳ የሚያሳይ መስኮት። ግድግዳው ላይ ቧንቧ አለ። ዝናብ ሲጥል ይጮኻል።

ሺህ ፊደል ይዤ መጥቼ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ለማንበብ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ሸሚዞቼ ግን አሁን የልጅ ሸሚዝ ሆነዋል።

ሥራው፦ ሁለት ወር ሙሉ የተሰጠኝ ሙጫ ማጥለል ነው። ብቻ። ወንፊቱን እይዛለሁ፣ በብሩሽ አሳልፋለሁ፣ እንደገና አሳልፋለሁ። ወረቀት ገና አልነካሁም። አስተማሪው ሽማግሌ ነው፤ አጠገቤ ቆሞ እጄን ያያልና አንዲት ቃል ይናገራል። «ቀስ» ማለት ነው። የአንቺ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

ከእሱ በስተቀር የሚያናግረኝ የለም። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ የማነበውን መናገር አልችልም፣ የሚናገሩትን መስማት አልችልም። እሑድ አሮጌዎቹን ስልሳ ካርዶች አወጣለሁ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። አውራ ጣትሽ ያጠቆረው ቦታ ላይ አውራ ጣቴን አድርጌ አንድ በአንድ አሳልፋቸዋለሁ። እዚህ ጮክ ብዬ አላነብም። ግድግዳው ስስ ነው፤ ፊደሎቹን ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል።

ወንድምሽ


ሐምሌ 2

ለጀማሪው፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ለምን ጠፋህ? ሙጫህ ፈልቶ ይሆን? የጥረዛ ቤቱ ጣሪያ ተጠገነ? የቁልፍ ሠሪው ሚስት ወለደች?

ፈተናው መቼ ነው ያልከኝ? በሳምንት አሥር። እንዳትሮጥ። እኔ ዛሬ ስልሳ አንደኛውን ያዝኩት። ከሥር ጽፌዋለሁ፣ አርመው። አንተ የት ደረስክ? በሦስት ሳልቀድምህ አልቀርም።

ተውኩ እንዳትለኝ።

እህትህ


ሐምሌ 25

ለእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤዋን ስላስተላለፍሽልኝ አመሰግናለሁ። የጻፈችው ወደ ጥረዛ ቤቱ ነው፤ የት እንዳለሁ አታስታውሻት። ይህን የላይኛውን ፖስታ ቀደሽ ጣዪና የውስጠኛውን ስጫት፤ የጃፓን ቴምብር የለበትም።

ከደብዳቤዋ ሥር የጻፈችው ግራውን ብቻ ነው፤ ቀኙ የለም። እንዳታርሚው። በየሳምንቱ እጽፋለሁ።

አጎትሽ


ሐምሌ 25

እቴቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ስለ ዝምታዬ ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያው ተጠግኗል። የቁልፍ ሠሪው ሚስት ሴት ልጅ ወለደች። ቁልፍ ሠሪው ሰላም ብሎሻል፤ ሲያዛጋ ይውላል።

አልተውኩም። ፈተናው ገና ነው፣ ብዙ ጊዜ አለን።

ስልሳ አንደኛውን አየሁት። ክሩ በቦታው ነው። ልክ ነው።

እኔ ሃምሳ ስምንት ላይ ነኝ። እንደተለመደው በሦስት ቀድመሽኛል፤ ለቁልፍ ሠሪው አልነገርኩትም፣ ይስቅብኛል። በሳምንት አሥር በዝቶብኛል። ሦስት እናድርገው። ሁለት ቢሆን አልቆጣም፤ አራት ቢሆን እቆጣለሁ።

ሦስት ጥያቄ አያይዣለሁ፦ ዛፍ፣ ውኃ፣ እጅ። ጠዋት ሥሪያቸው። መጽሐፉን ብታዪም ግድ የለም፤ እኔም አንዳንዴ አያለሁ።

ሙጫውን ጥጄ ነው የምጽፍልሽ። ሊፈላ ነውና እዚህ ላይ አቆማለሁ።

እንዳትሮጪ።

ጀማሪው